የጠዋቱ መንቀጥቀጥ የጮቄ ብርድ አይደለም

ጥያቄ፦ «አባቴ 57 ዓመታቸው ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። አረቄ የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው። አሁን ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁለት መለኪያ ዳግም አረቄ (ሁለት ጊዜ የወጣውን)፣ ማታ ደግሞ ሦስት ይጠጣሉ። ማኅበር ወይም ደቦ ካለ ጠላም ይጨመራል። ሰክረው ሲንገዳገዱ ግን አይቼ አላውቅም። ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፤ አረቄውን ሲቀምሱ ይተዋቸዋል። ‹ብርዱ ነው› ይላሉ። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ሆስፒታል ወስጃቸው አልትራሳውንድ ሲነሱ ጉበታቸው ላይ ስብ አለ ተባለ፤ የጉበት የደም ምርመራውም ከፍ ብሏል። እሳቸው ‹ጉበቴ ለምዶታል፣ የቤት አረቄ ንጹህ ነው፣ ካስቸገራችሁኝ ወደ ጠላ እመለሳለሁ› አሉ። አጎቴ ደግሞ ‹በአንዴ ካቆመ ይሞታል› ይላሉ። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ከአጎትሽ ልጀምር። የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው፤ ያውም አደገኛው ግማሽ። አባትሽ ቤት ውስጥ፣ ያለ ሐኪም፣ በአንድ ቀን ቁርጥ አድርገው ማቆም የለባቸውም። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ይጠጡ» ማለት ግን ስህተት ነው። ማቆም አለባቸው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ፤ የሚያቆሙት ግን በሕክምና ታግዘው ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ቤት ገብተሽ እሳቸውን የምታሳምኚው አንቺ ነሽ፤ «ሐኪም ከልክሏል» ብቻውን ዕድሜ ልኩን በራሱ ያደረ ገበሬን አያሳምንም።

አልኮል እንደ እህል አይደለም። እንጀራ መጀመሪያ ሆድ ውስጥ መፈጨት አለበት፤ አልኮል መፈጨት አያስፈልገውም፣ እንዳለ ደም ውስጥ ይገባል። አንድ አምስተኛ ያህሉ ከጨጓራ፣ ቀሪው ከትንሹ አንጀት ያልፋል። ሆድ ባዶ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጠኑ ደም ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ጨጓራው ቶሎ ስለማይለቀው ቀስ እያለ ይገባል። ብዙ ሰው «ሥጋ ከበላሁ አረቄውን ይመጥልኛል» ይላል፤ አይመጠውም፣ ያዘገየዋል እንጂ። የጠጡት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይገባል። (እግረ መንገዴን፦ አረቄ የጥሬ ሥጋን ኮሶ ይገድላል የሚባለውም ልክ አይደለም። ሆድ ውስጥ ሲገባ ከምግቡና ከጨጓራው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፣ የትሉን እጭ የሚገድልበት አቅም አይቀረውም።)

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ መውጫው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ጉበት። በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት የሚወጣው ከመቶ 10 እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ላብ በላብ እስኪሆኑ ማረስ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ጠንካራ ቡና መጠጣት አያፈጥነውም። ቡና እንቅልፉን ያባርራል፣ ደም ውስጥ ያለውን አልኮል ግን በአንዲት ጠብታ አይቀንሰውም።

ጉበት ሥራውን የሚሠራው በሁለት እርከን ነው። በመጀመሪያው አልኮሉን አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ይህ ከራሱ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። የጉበትን ሴል ይጎዳል፣ የሴሉን ዘረ መል ያበላሻል፤ አልኮል ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከጉበት፣ ከአንጀትና ከጡት ካንሰር ጋር የሚያያዝበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፣ አዲስ ወሬ አይደለም። በሁለተኛው እርከን አሴታልዲሃይዱ ወደ አሴቴት ይለወጣል፤ ይህ የአቼቶ ዘመድ ነው፣ አይጎዳም፣ ሰውነት አቃጥሎት በውኃና በትንፋሽ መልክ ይወጣል። ችግሩ ሥራው ልክ አለው። የአንድ ጎልማሳ ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ከ7 እስከ 10 ግራም ንጹህ አልኮል ገደማ ነው። አንድ መለኪያ ጠጣሽ፣ አምስት ጠጣሽ፣ ፍጥነቱ ያው ነው፤ ትርፉ ደም ውስጥ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል።

አሁን የአባትሽን እናስላ። ዳግም አረቄ ከመቶው 45 እጅ አካባቢ አልኮል ነው። መለኪያው 40 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንል አንዱ 14 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። የማታው ሦስት መለኪያ 42 ግራም ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠጥተው ከተኙ ጉበታቸው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሠራ ያመሻል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለት ሲደግሙ እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት ድረስ እንደገና ይጀምራል። ሰክረው የማያውቁ ሰው ጉበት በየቀኑ 9 ሰዓት ያህል መርዝ ሲያጣራ ይውላል ማለት ነው፣ ለዚያውም ማኅበርና ደቦ በሌለበት ቀን።

«ጉበቴ ለምዶታል» የሚሉት ነገር ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። የለመደው በዋናነት ጉበታቸው አይደለም፣ አእምሯቸው ነው። አልኮል አእምሮን ያረጋጋል፣ ያደነዝዛል። በየቀኑ ሲመጣበት አእምሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ማንቂያውን ከፍ፣ ማረጋጊያውን ዝቅ እያደረገ ራሱን ያስተካክላል። አንድ ሰው በሩን ከውጭ ሲገፋብሽ አንቺም ከውስጥ በዚያው ልክ ትገፊያለሽ፤ በሩ የቆመ ይመስላል። አባትሽ ሳይንገዳገዱ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ጉበት ግን በዚህ መጠን አይላመድም። ብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበት በሌላ መንገድ ታግዞ ትንሽ ሊፈጥን ይችላል፤ ያ መንገድ ደግሞ ራሱን ጉበቱን የሚጎዳ ቅሪት ይተዋል። ስለዚህ አለመስከር የጤንነት ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ሰውነቱ «በቃኝ» ብሎ የሚናገርበት ምልክት ጠፍቷልና።

ከውጭ የሚገፋው ሰው ድንገት ሲለቅ ምን ይሆናል? ከውስጥ የምትገፊው አንቺ በሩን ይዘሽ ትወጫለሽ። የአባትሽ ጠዋት ይህ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አልኮሉ አልቋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንቂያው ብቻውን ቀርቷል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው ይነጫነጫል። አረቄው ሲገባ ጸጥ ይላል። ብርድ ቢሆን ኖሮ ላብ ምን ያመጣዋል? ዓባይ በረሃ ወርደው ቢያድሩም ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ይህን በደንብ ንገሪያቸው፣ ያንን ብርድ ያመጣው አረቄው ራሱ ነው።

እውነተኛውን ብርድ በተመለከተም አረቄ አያሞቅም። የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሞቅ ያለ ይመስላል፣ በዚያው ግን የውስጥ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። ጮቄ ላይ በንጋት ውርጭ ለሚወጣ ሰው ጋቢና ትኩስ አጥሚት እንጂ አረቄ አይሆነውም።

«የቤት አረቄ ንጹህ ነው» ላሉት፦ ከጌሾና ከብቅል የወጣው አልኮልና ፋብሪካ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ነው። ጉበት የመጣበትን ቤት አይጠይቅም። ልዩነት ካለ የቤቱ መጠኑ አለመታወቁ ነው፤ ተራው አረቄ ከመቶ 30ዎቹ ውስጥ ሲሆን ዳግሙ 45ን ሊያልፍ ይችላል፣ የተጻፈበት ነገር የለም። ሜታኖል የሚባለው ሌላ ዓይነት አልኮልም አለ። አረቄ ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውስጥ ትንሽ ይኖራል፤ ሰው የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለትርፍ ሲባል ለመጠጥ ያልተሠራ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ሜታኖል የጠጣ ሰው ወዲያው ምንም ላይሰማው ይችላል። ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቆይቶ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ጉም ውስጥ ያለ ይመስለዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ያኔ ሌሊትም ቢሆን ሳይታደር ሆስፒታል፤ መድኃኒት አለው፣ ዓይን ሳይጠፋ ከተደረሰ።

ወደ ጠላ መመለስም መፍትሔ አይደለም። ጠላ ቀላል ቢመስልም የሚጠጣው በብዛት ነው። ከመቶው 4 እጅ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ጠላ 30 ግራም ያልፋል፤ ይኸውም ከሁለት መለኪያ ዳግም በላይ ነው። ፊልተር ከሆነ ደግሞ ይጠነክራል። ደቦ ላይ አንድ ሰው ስንት ሊትር እንደሚጠጣ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ብርሌ ጠጅም እንደ ጥንካሬው 20 ግራም ገደማ ይሆናል።

አሁን ወደ ጉበታቸው። አልኮል ጉበትን የሚጎዳበት መንገድ እርከን እርከን ነው። መጀመሪያ ስብ ይጠራቀማል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ይደርሳል። ቀጥሎ ጉበቱ ይቆጣል፣ ያብጣል። ከዚያ ጠባሳ ይሠራል። በመጨረሻ ጉበቱ ጠጥሮ ይኮማተራል፣ ሲሮሲስ የሚባለው። እዚህ የሚደርሱት ለረጅም ጊዜ ብዙ ከጠጡት ውስጥ ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ገደማ ናቸው፣ ማን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ጉበት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው ደህና ነኝ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። አባትሽ ላይ የታየው የመጀመሪያው እርከን ከሆነ ይህ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም ስቡ አልኮል ሙሉ በሙሉ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ጠባሳ የሆነው ግን በአብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ «ትንሽ ስብ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ጊዜ ያላችሁ አሁን ነው። በዚሁ አጋጣሚ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ይሠራላቸው። ቢ በአገራችን ብዙ ነው፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ጉበቱን በእጥፍ ይጎዳል፤ ነጻ ከሆኑ ክትባት አለ።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ሰው አይጠፋም። እባክሽ አታስነኪያቸው። የዓይን ቢጫነት ጉበት ወይም የሐሞት መስመር ተቸግሯል የሚል ምልክት ነው፤ ወፍ የለበትም። ተጎድቶ በቆመ ጉበት ላይ መጠኑ የማይታወቅ ቅጠል ሲጨመር በቀናት ውስጥ ሲወድቅ ዋርድ ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከሥራዬ ሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጾምም አለ። አባትሽ እስከ 9 ሰዓት ጾመው መጀመሪያ የሚቀምሱት አረቄ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ምግብ በሌለበት ሰዓት የደም ስኳርን ከውስጥ እየሠራ የሚያቆየን ጉበት ነው፤ አልኮል ሲያጣራ ግን ይህን ሥራ ይተወዋል። ስኳር ድንገት ይወርዳል። ሰውየው ይደናገራል፣ ይወድቃል፣ ሰው ደግሞ «ሰክሮ ነው» ብሎ ጥሎት ይሄዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይማ የባሰ ነው። ፓራሲታሞልም ቢሆን በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ባለ 500ው በቀን ከ4 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የቲቢ መድኃኒት ወይም ሜትሮኒዳዞል የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት ታዞላቸው የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ መጠጡን ሳይደብቁ ይናገሩ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኔ ምክር ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ አምጫቸው። እስከዚያ ድረስ መጠኑን አይጨምሩ፣ በድንገትም አያቋርጡ፣ ከምግብ በፊት አይቅመሱ። ሐኪሙ ሲያያቸው መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ ጠዋት መጠጣታቸውን፣ ከዚህ በፊት ሲያቋርጡ ጥሏቸው ወይም ቃዥተው ከሆነ እሱንም ንገሩት። የማቆሚያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ሳምንት አካባቢ ይፈጃል። ዳያዜፓም ወይም መሰሉ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቶ በየቀኑ እየተቀነሰ ይቆማል። የቫይታሚን ቢ1 መርፌም ይጨመራል፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፣ ካለቀበት ደግሞ አእምሮው ሊጎዳ ይችላል፣ ስለዚህ ከግሉኮስ በፊት እንዲሰጣቸው ጠይቂ። ዳያዜፓሙን ግን ራስሽ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ እንዳትሰጫቸው። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያቆማል፣ የተጎዳ ጉበትም በቶሎ አያስወጣውም።

አጎትሽ የፈሩት ነገር መቼ እንደሚመጣ ማወቅ አለብሽ። መንቀጥቀጡ የሚጀምረው ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሚጥል ዓይነት መንፈራገጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይመጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ሰው መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና መደናገር፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይታያል፤ ሳይታከም ይገድላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ክፉ መንፈስ ያዘው» ብሎ ያስራል። የሕክምና ድንገተኛ ነው፣ ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው።

ይህን ስል ጠበልን አልቃወምም። ብዙ ሰው በእምነቱ ጠንክሮ መጠጥ ትቷል። ግን የመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታል ይቅደም። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ያለ ምግብ፣ ያለ መድኃኒት፣ በቀዝቃዛ ጠበል ሥር ያንን ሦስት ቀን ሲያሳልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የንስሐ አባታቸውን አነጋግረሽ ጠበሉን ቢቀጥሉ እንዲያውም ይረዳቸዋል፣ በተለይ ካህኑ ራሳቸው «አይጠጡ» ብለው ከነገሯቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈተና ጎረቤት ነው። «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን ቅመሱ!» የሚለውን የሚቋቋም ሰው ጥቂት ነው። አባትሽን ብቻቸውን አትተዋቸው። የማኅበሩን ሙሴ አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ «ሐኪም ጉበታቸውን ከልክሏል» ሲባል የጎጃም ሰው ይገባዋል፣ አይጫንም። ትኩስ ብርዝ ይቅረብላቸው፤ የጎጃም ማር እያለ ማንም አያፍርም፣ ግን በዕለቱ የተበረዘ ይሁን፣ ካደረ ራሱ መጠጥ ይሆናል። ቤታችሁ አረቄ የሚወጣ ከሆነ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ይቁም ወይም ሌላ ቤት ይሂድ። «ለማኅበር ብቻ» የሚለውንም አልቀበልም። ጠዋት መጠጣት የጀመረ ሰው በመጠኑ ልጠጣ ሲል በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ሲመለስ ነው የማየው። ለጤነኛውም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጉዳት የለውም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ብሏል።

ደም ካስታወኩ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዳቸው ወይም እግራቸው ካበጠ፣ ቀን እየተኙ ሌሊት የሚነቁና የሚደናገሩ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል። ሌላ ምልክት ከሌለና ካቆሙ ደግሞ የጉበት ምርመራውን ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ወደ ሆስፒታል ስትመጡ ሁልጊዜ የሚጠጡበትን መለኪያ በፌስታል ጠቅልለሽ ይዘሽ ነይ። ሐኪሙ ውኃ ሞልቶ ይለካዋል፤ እኔ ያሰላሁት በ40 ሚሊ ሊትር ነው፣ የቤት መለኪያ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጣል።